ለንግድ ካልሆነ በስተቀር

«ልጅዎ ትናንት ከሰዓት በኋላ የት ነበረች?»

መርማሪዋ እናቲቱን ጠየቀቻት። ልጅቷ ለእናቷ ሥራ ቦታ ነበርኩ ብላለች፤ መርማሪዋ ግን የመጣችው ሥራ ቦታ እንዳልነበረች አጣርታ ነው። የመሥሪያ ቤቱ አለቃ ትናንት ከሰዓት በኋላ ከሰገነቱ ወድቆ ድንጋይ ንጣፉ ላይ ሞቶ ተገኝቷል። በዚያው ቀን ጠዋት ልጅቷ ከእሱ ጋር ስትጨቃጨቅ የሰማ ሰው ነበር። አሁን ጣቢያ ነች፤ የት እንደዋለች ካልተናገረች በነገው ቀን ክስ ይመሠረትባታል።

«እኔ እንጃ የኔ ልጅ» አለች እናቲቱ፣ ለእንግዳዋ ወንበሩን በእጇ እየጠረገች። «ዝናብ አብስብሷት ነው የገባችው። ጃንጥላዬን ይዛ ወጥታ ባዶ እጇን መጣች። እጀታው ላይ ቀይ ክር የጠመጠምኩበትን። ጠፋ አለችኝ። እሷ ደግሞ ዕቃ ጥላ አታውቅም።»

ይህን ካለች በኋላ አፏን በመዳፏ ያዘች። በገዛ አንደበቷ ልጇን የከሰሰች መሰላት። መርማሪዋ ግን አልተቻኮለችም፤ ሟቹን ያውቁት ነበር ወይ ብላ ጠየቀች።

«ዓይቼው አላውቅም። ስሙ ግን ከዚህ ቤት ጠፍቶ አያውቅም። እራት ስንበላ ሚዛን እንዲህ አለ፣ ሚዛን እንዲያ አለ። አልዋሽሽም፣ ቀንቼበታለሁ። ወልጄ ያሳደግኩ እኔ፣ የምትሰማው እሱን። ሞቱን ግን አልተመኘሁም።»

መሥሪያ ቤቱ አሮጌ ሕንፃ ላይ ሁለት ክፍልና አንድ ሰገነት ነው። እዚያ የሚሠሩት ሰዎች ለማንም የሚታደሉ የኮምፒውተር ፕሮግራሞችን እየሰበሰቡ በአንድነት ያሠራጫሉ። አንድ ፕሮግራም ወደ ስብስቡ ከመግባቱ በፊት ባለቤቱ የጻፈው የአጠቃቀም ፈቃድ ተነቦ ነፃ ነው ወይም አይደለም ተብሎ ይፈረድበታል። አንባቢዎቹ ሦስት ነበሩ። ሟቹ በፍርዱ ስለማያዳላ ሚዛን ይባላል። ምክትሉን ከነጭ ወረቀት ላይ እንኳ እንከን ያወጣል እያሉ አቃቂር ብለውታል። ሦስተኛዋ ልጅቷ ነች።

መርማሪዋ አስቀድማ ሰገነቱን አየች። ከላይ ጣሪያ አለው፤ መከላከያው ወገብ ድረስ ይደርሳል፤ ቆሞ የሚያነብ ሰው ዝም ብሎ አይወድቅም። ጥግ ላይ ከነክሩ የተበጠሰ የሸሚዝ ቁልፍ አገኘች። የሟቹ ሸሚዝ ደረቱ ላይ አንድ ቁልፍ ጎድሎት ነበር። ገብታ አቃቂርን ስለ ሥራቸው እንዲያስረዳት ጠየቀችው። እሱም እንደ መምህር ተስተካክሎ ተቀመጠ።

«ነፃ ማለት ማንም ሰው ለፈለገው ሥራ የሚያውለው ማለት ነው። ውስጡን ይየው፣ ይለውጠው፣ ለጎረቤቱ ይስጠው፣ ካሻው ይሽጠው። ማንንም ሳያስፈቅድ። አንዲት ‹በስተቀር› ካለችበት ወድቋል። ‹ለክፉ ሥራ አይዋል› የሚል ፈቃድ ጥለናል። ክፉና ደጉን ማን ሊለይልን ነው?»

ስለ ልጅቷ ሲጠየቅ ድምፁ ሻከረ። ሥራውን እንደ ፊደል አስቆጥሮ ያስተማራት እሱ እንደሆነ፣ ሚዛን ግን በየስብሰባው አስቀድሞ የእሷን ሐሳብ እንደሚጠይቅ፣ እሱ ሲናገር ደግሞ መስኮት መስኮት እንደሚያይ ተናገረ። ያን ቀን ጥርሱን አሞት ከምሳ በፊት ወደ ቤቱ ሄዷል፤ አልተመለሰም። ጠዋት የተነሣው ጭቅጭቅ የሚዛን ሚስት በሠራችው ፕሮግራም ላይ ነበር። ፕሮግራሙ ጎልማሶችን ማንበብ ያስተምራል። የልጅቷ እናት በማታ ትምህርቷ የምትማረው በእሱ ነው፤ ልጅቷም ወደ ስብስቡ ይግባ ብላ ሙጥኝ አለች።

«ለመሆኑ ነፃ ነው?» አለች መርማሪዋ ለመሄድ እየተነሣች።

«ነው» አለ አቃቂር፣ መራራ ነገር እንደቀመሰ ፊቱን አጨማዶ። «የሚወጣለት እንከን የለም።»

መርማሪዋ የሚዛን ጠረጴዛ ላይ ሦስቱ ጠዋት ያነበቡትን የፈቃድ ወረቀት አገኘች። «ማንም ሰው ለንግድ ካልሆነ በስተቀር ሊጠቀምበት ይችላል» ይላል። ደግማ አነበበችውና ወደ ጣቢያ ሄደች።

ልጅቷ የት እንደዋለች አልናገርም አለች። በመጨረሻ ስለ ጭቅጭቁ ብቻ ተናገረች። ሚስትህን ለምናትና ያቺን ‹በስተቀር› የምትል ቃል ታውጣት ብላው ነበር። እሱም ፍርድ ሳይሰጥ ከፕሮግራሙ ባለቤት ጋር የተነጋገረ አንባቢ ከዚያ በኋላ አያነብም፣ ሕጉ ለሚስትም ያው ነው ብሎ መለሰላት።

«ታዲያ ፕሮግራሙ ነፃ ነው?»

«ጠዋት ስናነበው አልነበረም» አለችና ከንፈሯን ነከሰች።

የሟቹ ሚስት እንግዳዋን የተቀበለቻት ኮምፒውተር በሞላበት ጠባብ ሳሎን ነው። ዓይኖቿ ደርቀዋል። ባለቤቷ እቤት ሲገባ ስለ ሥራው አንዲት ቃል እንደማይተነፍስላት ነገረቻት።

«ከዚያች ልጅ ጋር ግን ይስቅ ነበር። አንድ ቀን በር ላይ ቆሜ ሰማሁት። እኔ ያን ሳቅ ከሰማሁ ዓመታት አልፈዋል።»

ያን ቀን ማንም ወደ ቤቷ እንዳልመጣ ምላለች። መርማሪዋ በሩን ስትከፍት ከኋላው የቆመ ጃንጥላ አየች። እጀታው ላይ ቀይ ክር ተጠምጥሞበታል። ተሰናብታ ወጣች።

በማግስቱ ጠዋት ሁሉንም መሥሪያ ቤቱ ሰበሰበቻቸው። ልጅቷን አንድ ፖሊስ አመጣት። እናቲቱ ሳትጠራ መጥታ በሩ አጠገብ ቆማለች፤ አቃቂር ይቺ ደግሞ ምን ልትሠራ ነው ብሎ አጉረመረመ። መርማሪዋ ወንበር ሳበችላት።

«በዚህ ጉዳይ ያልቀና ሰው አላገኘሁም» ብላ ጀመረች። «እናት በአለቃው፣ ሚስት በልጅቷ፣ ምክትሉ በገዛ ተማሪው። ቅናት ብቻውን ግን ሰው ከሰገነት አይጥልም። እመቤቴ፣ ከበርዎ ኋላ ያለው ጃንጥላ የማን ነው?»

እናቲቱ ከወንበሯ ተነሣችና ሚስትየዋ ፊት ለፊት ቆመች።

«እህቴ፣ ልጄ ሰው ገድላ ከሆነ እኔው ራሴ አሳልፌ እሰጣታለሁ። አንቺ ዘንድ ከነበረች ግን ንገሪልኝ። ባልሽን ቀማችኝ ብለሽ ልጄን አትቅሚኝ።»

ሚስትየዋ ልጅቷን ሳይሆን እናቲቱን እያየች ተናገረች። ልጅቷ ከሰዓት በኋላ እየዘነበ መጥታ፣ ቃሏን እንድታወጣት ለመነቻት። እናቴ ባለ ሱቅ ጎረቤቷን ልታስተምርበት ብትፈልግ ይከለክላታል ወይ አለቻት። እሷም ይህ ልክ መስሎ ታያት፤ ቃሏን ሰርዛ የታረመውን ወደ ባሏ ስልክ ላከች። እሱም ወዲያው «አሁን ነፃ ነው» ብሎ መለሰ። ዓመታት ባሏ አንድም ቀን ያልጠየቃትን ይህች ልጅ መጥታ መጠየቋ ያን ጊዜ አንገበገባት። ልጅቷን ከነዝናቡ አስወጣቻት፤ ጃንጥላዋን እንኳ ለማንሣት ጊዜ አልሰጠቻትም።

«ሟቹ መልስ ሲጽፍ ልጅቷ እዚያ ነበረች» አለች መርማሪዋ። «ከዚያ ሩብ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ፣ ዝናቡ ሳያባራ አስከሬኑ ተገኘ። መንገዱ ከተማውን ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጥ ነው፤ እንኳን ልጅቷ፣ ወፍም አትደርስም። ለምን ዝም እንዳለች ደግሞ የመሥሪያ ቤቱ ሕግ ይናገራል። ከፕሮግራሙ ባለቤት ጋር መነጋገሯ ከታወቀ ወንበሯን ታጣለች፤ ፕሮግራሙም የሚጣል መሰላት። እንግዲህ የታረመውን ፈቃድ የሚያውቁት ሁለቱ ሴቶችና ሟቹ ብቻ ናቸው። የሟቹ ስልክ አብሮት ወድቆ ተሰባብሯል።»

ወደ አቃቂር ዞረች።

«እርስዎ ግን ነፃ ነው አሉኝ። አንዲት በስተቀር ካለችበት ወድቋል ያሉኝ እርስዎ፣ ጠዋት ያነበቡት ወረቀት ላይ በስተቀሯ በጉልህ ተጽፋ ሳለ።»

«ሰው ይሳሳታል» አለ አቃቂር ቀስ ብሎ።

«ልክ ነው፣ ይሳሳታል። እንደዚያ ከሆነ አሁኑኑ ልሰናበትዎ እችላለሁ። ጠዋት ልጅቷ ያየቻትን ቃል እርስዎ ሳያዩ አለፉ፤ እሷ ከእርስዎ በተሻለ አነበበች ብዬ እመዘግባለሁ። ይስማማሉ?»

ልጅቷ ራሷ በለሆሳስ «ጋሼ፣ እሺ በሉ» አለችው። ምን እንደምትለው የገባት አይመስልም፤ ያዘነችለት ብቻ ነው። አቃቂር ግን ማንም ሊያዝንለት የሚወድ ሰው አልነበረም፣ እሷማ ጨርሶ።

«ከእሷ በታች አላነብም» አለ። «እኔ ጠዋትም አይቻታለሁ፤ ከእናንተ ሁሉ በፊት አይቻታለሁ። ነፃ ነው ያልኩት የታረመውን ነው። እሱ ራሱ ሰገነቱ ላይ ስልኩን ሰጥቶኝ አነበብኩት።»

ከዚያ በኋላ የሚሸሸግበት ቦታ አልነበረም። የረሳውን ዕቃ ለመውሰድ ተመልሶ ሚዛንን ሰገነቱ ላይ አገኘው። ሚዛን ደስ ብሎት ፈቃዱን አሳየው። ለሚስቴ ልብ ለስላሳ ቃል ያገኘች ልጅቷ መሆን አለባት ብሎ ሳቀ። አቃቂር ሕጉን ጥሳለች ሲለው ለአንድ ጊዜ ይቅር እላታለሁ፣ እኔም ደክሞኛል፣ ወንበሬን ለእሷ ልተውላት አስቤያለሁ አለ። አቃቂር ሸሚዙን ጨምድዶ ያዘውና ገፈተረው። «እኔን አንድም ቀን ይቅር ብሎኝ አያውቅም» አለ፣ ገና አሁንም እየተቆጣ።

ፕሮግራሙ ያለ በስተቀር ወደ ስብስቡ ገባ። ልጅቷ የሚዛን ወንበር ሲሰጣት ሕጉን ያፈረሰ አንባቢ አያነብም ብላ መለሰችው፤ ያ ወንበር እስካሁን ሰው አልተቀመጠበትም።

አቃቂር ያኔውኑ ከፖሊሱ ጋር ሄደ። ልጅቷ ሌላ ከተማ ሥራ አግኝታ በሳምንቱ ሄደች። ሚስትየዋ እዚያው ከተማ ቀረች። እናቲቱም ልጇ አብረን እንሂድ ብትላት ትምህርቴን ሳልጨርስ አልሄድም ብላ ቀረች።