ፈቀቅ በይላት

እኔ እንዲህ ያለ ነገር ሲወራ ከሚስቁት ወገን ነበርኩ። መናገሻ ያለችው አክስቴ ስለ ወንዝ ዳር መንፈስ ስታወራ ልጆቹ ጉያዋ ሲሸጎጡ እኔ ተነስቼ ውሃ ልቀዳ እወጣ ነበር፣ ዛሬም ስለ ሌላ ሰው ቤት ቢነግሩኝ አላምንም፣ ይሄን ግን በገዛ ዓይኔ፣ በቀን፣ ሰው ባለበት ነው ያየሁት፣ እመኑኝ።

ዓለም ገና፣ ጅማ መንገድ ዳር፣ የኦቦ ዲሪባ የኮምፒውተር ጽሕፈትና ጉርድ ፎቶ ቤት ነበር የምሠራው። እጠርጋለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ። ጽሕፈቱ የአያንቱ ነበር፣ ጥገናውና ፎቶው የገመቹ። ላፕቶፑ ዶክ የሚሉት መቀመጫ አለው፣ ካሜራውም፣ ትልቁ ስክሪንም፣ ኪቦርዱም የተሰኩት እሱ ላይ ነው፣ ላፕቶፑን ቀጭ አድርገው ሲያስቀምጡት ሁሉም አንድ ላይ ይነሳል። የፎቶው ፕሮግራም ሲከፈት ደግሞ ስክሪኑ ላይ አንዲት ቢጫ ሳጥን ትዞራለች፣ ፊት ነው የምትፈልገው፣ ስታገኝ ፊቱ ላይ ታርፋለች።

ገመቹ ጠዋት ጠዋት መብራቱን ሲያስተካክል "አያንቱ፣ ኮቱ፣ ነይ ተቀመጪልኝ" ይላታል፣ እሷም ሰማያዊው ጨርቅ ፊት ያለው የብረት በርጩማ ላይ ትቀመጥና የበርጩማውን እግር በተረከዟ ጠቅ ጠቅ እያደረገች ትስቃለች፣ እኔ እግሯ ሥር እጠርጋለሁ። አንድ ቀን እንኳ "እስቲ አንቺ ተቀመጪ" ብሎኝ አያውቅም። ሳጥኗ ራሷ እንዴት ቶሎ እንደምታገኛት ብታዩ፣ እቃም የሚያዳላ ይመስለኝ ነበር።

በማስተር ፕላኑ ሰበብ አካባቢው የታመሰ ጊዜ ነው። አያንቱ ቅዳሜ ተጂ ከተማ እናቷ ዘንድ እንደሄደች መንገዱ በድንጋይና በሚነድ ጎማ ተዘጋ፣ ስልኳም አልሠራ አለ። ሰኞ እኔና ገመቹ ሰፈራችን እዚያው ስለሆነ የብረት መዝጊያውን ግማሽ ድረስ ብቻ ከፍተን ገባን። ገመቹ ላፕቶፑን ዶኩ ላይ ሲያስቀምጠው፣ ምንም ሳይነካ፣ የፎቶው ፕሮግራም ብቻውን ተከፈተ።

"ምን ነካው ደሞ?" አለና ዘጋው፣ ላፕቶፑ ሲበራ አብረው ከሚነሱት ፕሮግራሞች ዝርዝር ውስጥ አወጣው፣ አጥፍቶ አበራ፣ ተከፈተ። የዶኩን ገመድ ነቅሎ ቆይቶ ሰካ፣ ፕሮግራሙን አጥፍቶ እንደ አዲስ ጫነ፣ አሁንም ተከፈተ። ከዶኩ ሲያነሳው ግን ሰላም ነው። ያኔ ነው ሳጥኗን ያየኋት፣ ከባዶው በርጩማ በላይ፣ የተቀመጠ ሰው ፊት በሚሆንበት ከፍታ ላይ ቀጥ ብላ ቆማለች።

"ጨርቁ ተጨማዶ ነው" ብዬ ጨርቁን አወረድኩት፣ ባዶው ግድግዳ ላይም አልተነቃነቀችም። ገመቹ እጁን አፉ ላይ ጫነ።

"ልክ የአያንቱ ቁመት" አለ በሹክሹክታ፣ "ያ ዋቃ! አንድ ነገር ሆና ነው።"

አለቀሰ። እንደዚያ እንደሚወዳት ያወቅኩት ያኔ ነው፣ እኔ አጠገቡ በሕይወት ቆሜ እሱ ለባዶ በርጩማ ያለቅሳል።

"ሰው ስለሌለበት ነው፣ ቆይ" ብዬ ሄጄ ተቀመጥኩበት፣ ሰው ፊት ቀና ማለት የማልችለው ልጅ እንዴት እንደደፈርኩ አላውቅም። ሳጥኗ እኔ ላይ አላረፈችም፣ ወደ ትከሻዬ ጎን ሸሸት ብላ ቆመች። ወዲያው ከበታቼ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ማለት ጀመረ፣ የእኔ እግሮች መሬት ላይ ናቸው፣ እመኑኝ። ገመቹስ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

"ትንሽ ፈቀቅ በይላት።"

ፈቀቅ አልኩ።

በማግስቱ ገመቹ መላ አገኘለት፣ ካሜራውን ከዶኩ ነቅሎ ላፕቶፑ ላይ በቀጥታ ሲሰካው ፕሮግራሙ ብቻውን መነሳቱን ተወ፣ ሳጥኗም ጠፋች። ተመስገን ብዬ ዞር ከማለቴ ራሱ ካሜራውን ወደ ዶኩ ሲመልሰው አየሁት።

"ሠርቶልህ የለም እንዴ?"

"ተይኝ እባክሽ፣ ልያት።"

ያን ቀን ሙሉ ከስክሪኑ ፊት አልተነሳም። እኔን ማንም እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም፣ በርጩማው ላይ ያለው ምንም ይሁን ምን፣ ቀናሁበት።

መንገዱ ሲከፈት አያንቱ በባጃጅ መጣች፣ ደህና ናት፣ እንዲያውም ወፈር ብላለች፣ የሽምብራ እሸት ታቅፋለች።

"አካም ጅርቱ! ምን ሆናችኋል፣ ለቅሶ ነው እንዴ?"

"ቀብረንሽ ነበር እኮ" አላት ገመቹ ዓይኑን እየጠረገ።

"ሟች እንዲህ ይወፍራል?" ብላ ሳቀችና በርጩማው ላይ ዘጭ አለች። ሳጥኗ ወዲያው ፊቷ ላይ አረፈች። በቃ፣ አበቃ ብዬ ተነፈስኩ። ያኔ ሁለተኛ ሳጥን መጣች፣ ከትከሻዋ ጎን፣ እኔ ስቀመጥ በቆመችበት ቦታ።

"ይሄኛው ደሞ ማነው?" አለች አያንቱ። እግሮቿን ወደፊት ዘርግታለች፣ የበርጩማው እግር ግን ጠቅ፣ ጠቅ ይላል። ሳቋ ከፊቷ ላይ ጠፋ።

አሁን ሁለቱ ተጋብተው ቡራዩ የራሳቸውን ቤት ከፍተዋል፣ እዚህ ፎቶ የማነሳው እኔ ነኝ። ካሜራውን ከዶኩ መንቀል አያቅተኝም፣ ገመቹ ሲነቅለው አይቻለሁ፣ ግን አልነቀልኩትም። ጠዋት ቤቱን ስከፍት ፀጉሬን አስተካክዬ በርጩማው ላይ እቀመጣለሁ፣ ሳጥኗ አንድ ቀን እንኳ እኔ ላይ አርፋ አታውቅም፣ ጎኔ ትቆማለች። ደንበኛ ሲመጣም "ትንሽ ፈቀቅ ይበሉላት" እላለሁ፣ ሁሉም ፈቀቅ ይላሉ፣ እስካሁን ለማን ብሎ የጠየቀኝ የለም።