ፈንታነሽና ያተኮሳት ትራክተር

ፈንታነሽ የዐሥር ዓመት ልጅ ናት። ቤታቸው ደብረ ታቦር፣ ወደ ጋፋት በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጋር የተያያዘ ነው። ልጆች፣ ይህን አጥር ልብ በሉት፤ ፈተና ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከጎረቤት ነው።

የፍልሰታ ጾም ሲገባ ፈንታነሽ ቅዳሴ ሳይወጣ እህል ላትቀምስ በሰንበት ትምህርት ቤቱ ፊት ቃል ገባች። መምህሩ አመሰገኗት። እርሷም ምስጋናው እንዳይቀዘቅዝባት በመንገድ ላገኘችው ሁሉ ስትናገር ሰነበተች። ሆዷ ግን በነገሩ አልተስማማም።

በዚያ ሰሞን የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሣር ጉልበት ደርሶ ነበርና የግቢው ሠራተኛ ጋሼ ጌጡ በትንሿ የሣር ማጨጃ ትራክተር ያጭዱ ነበር። እኒህ ሰው ዝናብ ሲጥል ፈንታነሽን በጃንጥላቸው ከትምህርት ቤት ቤቷ የሚያደርሷት ናቸው። አንድ ቀን ከቅዳሴ በፊት ሞተሩን አጥፍተው ወደ ደጀ ሰላም ዞር ሲሉ ፈንታነሽ ቀረብ ብላ ሙቀቱን በእጇ ሞከረችው። ምድጃ ነው። ሮጣ ከቤት ድንች አመጣች፤ በጨርቅ ጠቅልላም ከሞተሩ ክዳን ሥር ሸጎጠችው። ድንች የጾም ምግብ ነው ብላ ሕሊናዋን አጽናናችው። የራበው ሕሊና በቀላሉ ይጽናናል።

ጋሼ ጌጡ ተመልሰው አስነሷት። ትራክተሯ ጥቂት እንዳጨደች ጢስ ለቀቀችና እያቃሰተች ቆመች። ጋሼ ጌጡ ዘይቷን አዩ፤ ሙሉ ነው። አብርደው ቢያስነሷት መልሳ ጋለች። ምእመናን ተሰበሰቡ። አንዱ የሰው ዓይን ነው አለ። አንዲት እናት ምች ነው ብለው ዳማከሴ ቀጥፈው አመጡ፤ አፍንጫዋን ፈልገው ስላጡት ግን መድኃኒቱ በእጃቸው ቀረ። የሰበካ ጉባኤው ሰብሳቢ አቶ ሞላ ደግሞ ሞተር ነክተው የማያውቁ በመሆናቸው በሽታውን ወዲያው ዐወቁት።

«ያንተ ጥድፊያ ነው ጌጡ። የፍልሰታ በዓል ሳይደርስ ልትፈጃት ነው። ቁልፉን አምጣ፣ ሌላ ሰው ይያዛት።»

ጋሼ ጌጡ ቁልፉን ነቀሉ።

ፈንታነሽ ብትናገር ጾመኛ መባሏ ሊቀር ነው። ዝም ብትል የጋሼ ጌጡ ሥራ ሊቀር ነው። እናንተስ ምን ታደርጉ ነበር? ቶሎ አትመልሱ፤ እርሷም ቶሎ አልመለሰችም።

«ጋሼ ሞላ፣ ቁልፉን አይቀበሏቸው» አለች በመጨረሻ። «ውስጧ ድንች አለ።»

«የማን ድንች?»

«የኔ። ርቦኝ ነው።»

ጋሼ ጌጡ ክዳኑን ከፈቱ። ሞተሩን የሚያበርደው ነፋስ የሚገባበትን ወንፊት ጨርቁ ተስቦ ደፍኖታል። ጨርቁንም ድንቹንም አውጥተው፣ ወንፊቱን ከሣር ብናኝ አጽድተው፣ ቆየት ብለው አስነሷት። ደኅና ሆና ተነሣች።

ፈንታነሽ ማልቀስ ጀመረች። ጋሼ ጌጡ ራሷን ዳበስ አድርገው፣ «ፈንቴ፣ ከራበሽ ለእናትሽ ንገሪ፤ ይቺ ጓዳ አይደለችም» አሏት። አቶ ሞላም ይቅርታ ሊጠይቁ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ የወጣው ቃል ግን «ለመሆኑ ድንቹ በስሏል?» የሚል ሆነ። ጋሼ ጌጡ ነቅለው የዘረጉላቸውን ቁልፍ ግን በሁለት እጃቸው መለሱላቸው።

በሰንበት ፈንታነሽ ቃል በገባችበት ቦታ ቆማ የሆነውን ሁሉ ተናገረች። መምህሩ ከፊተኛው ይልቅ አመሰገኗት፤ ይህን ምስጋና ግን በመንገድ ለማንም አልነገረችም።

ልጆች፣ የራሳችሁ ጥፋት በሌላ ሰው ላይ ከመውደቁ በፊት፣ ቢያሳፍራችሁም እንኳ፣ እውነቱን ተናገሩ።