ያልፈላው ኖራ

ፈንታን ከኖራው ጉድጓድ ሲያወጡት ከራስ ጸጉሩ እስከ እግሩ ነጭ ነበር። ማጅራቱ ተሰንጥቋል። ኖራ ሞቀም ቀዘቀዘም ቆዳ ስለሚበላ ገላው የሚናገረው ነገር የለም። ጣሊያኖቹ ደብረ ማርቆስ ላይ የሚያሠሩት ምሽግ ግንበኛ ነበር።

«ገፍትሮ የጣለው ኖራ አቡኪው ደምለው ነው» አለ አስተርጓሚው ታረቀ። «በዓይኔ አይቻለሁ። ጉድጓዱ ይፈላል፣ እንፋሎቱ እንደ ጉም ይወጣል። ሮጬ ለካፒቴኑ ነገርኩ።»

ካፒቴኑ ደምለው በስድስት ሰዓት እንዲሰቀል ፈርሟል። ሬሳውን እንዲያይ ግን የሐኪም ቤቱን መድኃኒት ቀማሚ ገብረ ኪዳንን አስጠራ። ገብረ ኪዳን እስክንድርያ ኬሚስትሪ የተማረ ሰው ነው። አምና ወንድሞቹን ከቀበረ ወዲህ ሬሳ አያስደነግጠውም፤ ሌላም ነገር አያስደነግጠውም።

የፊጥኝ ከታሰረው ደምለው አጠገብ ቁጢጥ አለ።

«ጠዋት ኖራው ላይ ውሃ የጨመርከው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ፣ አያ። ጨምሬ ቁርሴን ልበላ ሄድኩ። ግን ይሄ ኖራ እንኳን ሰው፣ ድንችም አይቀቅልም። ሐምሌን ሙሉ ደጅ ያደረ ነው። ብናገርስ ማን ይተረጉምልኛል?»

የፈንታ ሚስት ስሜነሽ አጥሩ ስር ተቀምጣለች። አታለቅስም።

«ከማን ጋር ተቀያይሞ ነበር?» አላት።

«ጣሊያንኛ ለምዶ ነበር። ወንድሙ የተፈረደበት ለት ታረቀ ወንድሙ ያላለውን ቃል እንደተረጎመበት ገባው። ‹ዛሬ ለካፒቴኑ በራሴ አፍ እነግረዋለሁ› ብሎ ወጣ።»

ገብረ ኪዳን ጉድጓዱ ከተሞላበት የኖራ ክምር ከቀሩት አምስት ከረጢቶች ጥቂት ጥቂት ዘግኖ መቶ ግራም መዘነ። ቴርሞሜትሩን አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ነከረ፤ አሥራ አራት ዲግሪ። ኖራውን ጨምሮ አማሰለና ጠበቀ። አሥራ ስድስት ላይ ቆመ።

አምስት ሰዓት ላይ ሁሉንም ጉድጓዱ አፍ ሰበሰባቸው። ለካፒቴኑ በጣሊያንኛ፣ ለሌሎቹ በአማርኛ ተናገረ።

«እርጥበት ያልነካው አንድ ኪሎ ኖራ ከውሃ ሲዋሃድ የሚያወጣው ሙቀት ሁለት መቶ ሰባ ሊትር ውሃ በአንድ ዲግሪ ያሞቃል። እንግዲህ መቶ ግራሙ አንዱን ሊትር በሃያ ሰባት ዲግሪ ሊያሞቀው ይገባ ነበር። ያሞቀው በሁለት ነው። የቀረውን ሙቀት ኖራው ከሐምሌ እርጥበት ጋር ሲዋሃድ ቀስ በቀስ ጨርሶታል። ጉድጓዱ አልፈላም። እንፋሎት አልነበረም።»

«ኖራ ውሃ ሲነካው እንደሚፈላ ማን ያጣዋል!» አለ ታረቀ።

«ኖራ ነክቶ የማያውቅ ሰው እንደዚያ ያስባል። ያዩትን ሳይሆን ይታያል ብለው ያሰቡትን ነው የተናገሩት። ሬሳው ደግሞ ከኖራው ስር ነበር፤ ሠራተኞቹ በዘንግ ፈልገው ነው ያገኙት። ውሃው ሲጨመር ቆመው ካላዩ፣ ፈንታ እዚያ ውስጥ እንዳለ በምን አወቁ? ውሃው ሳይጨመር ደረቁ ኖራ ስር ቀብረውት ስለሄዱ ነው።»

ታረቀ በየትኛው ቋንቋ እንደሚመልስ የጠፋው ይመስል ካፒቴኑን አየ፣ ስሜነሽን አየ።

«ፈንታ ሊያሰቅለኝ ነበር» አለ በመጨረሻ፣ በአማርኛ።

ገብረ ኪዳን ተረጎመው። ቃል አልጨመረም፣ አልቀነሰም።

ካፒቴኑ ወረቀቱን አውጥቶ የደምለውን ስም ሰረዘና የታረቀን ጻፈ። ሰዓቱን አልነካውም።