የገጽ ሦስት እርማት

የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ ቀይ እስክሪብቶውን እንደጨበጠ፣ ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ ሞቶ ተገኘ። ከረፋዱ አምስት ሰዓት ነበር። ጋዜጣው ማተሚያ ቤት መግባት ያለበት ስምንት ሰዓት ላይ ነው።

መርማሪው የእርማት ክፍሏ በር ላይ ቆሞ ውስጡን በዓይኑ ዞረው። ጠባብ ናት። አንድ ጠረጴዛ፣ ፊት ለፊት የተቀመጡ ሁለት ወንበሮች፣ የጎረቤቱን ግድግዳ ብቻ የምታሳይ መስኮት። ጋዜጣውን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በየቅዳሜው ሲገዛ ኖሯል፤ ማንበብ የሚጀምረውም ከገጽ ሦስት ነው። ይህን ግን ለማንም አልተናገረም።

«አስም ነው» አለ ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ። «ትንፋሽ አጥሮት ሞተ። ይሄ ምን ያስመረምራል?»

«መድኃኒቱስ?»

ሐኪሙ ዙሪያውን ቃኘ። ሰማያዊዋ የአስም መንፊያ ጠረጴዛው ላይ የለችም። በመጨረሻ በሩ ጀርባ ከተሰቀለው ኮት ኪስ ውስጥ ወጣች። ከወንበሩ እስከ ኮቱ አራት እርምጃ ነው። መርማሪው መንፊያዋን በመሐረብ ይዞ አገላበጣት። ከዚያ የሟቹን ጣቶች አየ። እስክሪብቶው ስለሚያፈስ ጣቶቹ እስከ አንጓቸው ቀልተዋል። መንፊያዋ ላይ ግን አንዲት ቀይ ነጥብ የለም።

ከሟቹ ክርን ሥር የገጽ ሦስት የእርማት ወረቀት ነበር። በስድስት አንቀጾች መጨረሻ ላይ ስድስት ቀይ የራይት ምልክት ተደርጓል። ሁለት ቦታ ላይ የታተመው ቃል ተሰርዞ በላዩ ሌላ ተጽፏል። ሰባተኛው አንቀጽ ጎን ላይ ትልቅ የጥያቄ ምልክት አለ፤ ከሥሩ ቀይ መስመር ወደ ታች ተንሸራቶ ከወረቀቱ ይወጣል። ረቂቁ ደግሞ በስተግራ በኩል፣ ጠርዝ ለጠርዝ ተስተካክሎ ተቀምጧል።

ሬሳውን ያገኘው ምክትል አዘጋጁ ነው። አንገቱን በሻርፕ ጠቅልሎ ቁጭ ብሏል። ድምፁ ከተዘጋ ሦስት ቀኑ ነው፤ የሚናገረው በሹክሹክታ ነው።

«ፋርማሲ ነበርኩ፤ ለጉሮሮዬ። ስመለስ... እንዳየኸው ነው።»

«ጠላት ነበረው?»

ምክትሉ ሊስቅ ሞክሮ ሳል አቋረጠው። «ከወዳጁ መጀመር ይቀላል። ሁለት ማተሚያ ቤቶች ‹ማሽን ተበላሸ› ብለው መልሰውናል። የእኛ ጋዜጣ ሲሄድ ብቻ የሚበላሽ ማሽን! አሁን የቀረን አንድ ነው። እሱም ከተዘጋ በየቤታችን መሄድ ነው።»

«ገጽ ሦስት ላይ ምን ነበር?»

«የልጆች መድኃኒት። ከሆስፒታሉ መጋዘን ወጥቶ የሚሸጥ።»

ጽሑፉን የጻፈችውን ዘጋቢ ኮሪደሩ ላይ ቆማ አገኛት። ዓይኗ ቀልቷል፤ አላለቀሰችም።

«ሦስት ሰዓት ላይ ረቂቁን ሰጥቼው ወደ ሆስፒታሉ ሄድኩ» አለች። «ማታ ያገኘኋትን አንዲት እናት በእጄ ጽፌ ረቂቁ ላይ አያያዝኩ። ‹ከእርማቱ በኋላ ትገባለች› አለኝ። ከእሱ በቀር ያየ የለም።»

«እርማት እንዴት ነው የምትሠሩት?»

«አንዱ ረቂቁን ጮክ ብሎ ያነባል። ነጠላ ሰረዙን፣ አራት ነጥቡን ሁሉ ይጠራል። እሱ ደግሞ ወረቀቱን ይዞ የሰማውን ይከተላል፤ አንቀጽ ሲያልቅ ራይት ያደርጋል። ሳይነበብለት እስክሪብቶ አያነሳም። ‹ዓይን ያለመደውን አያይም፤ ጆሮ ግን አያዳላም› ይላል። አንድ ጆሮው ስለማይሰማ መጮህ አለብህ፤ ጎረቤት ሁሉ ጋዜጣውን ሳይገዛ የሚሰማው በእኛ ጩኸት ነው።»

«አንቺም ታነቢለታለሽ?»

«የሌላ ሰው ሲሆን። የራሱን ጽሑፍ ማንም አያነብም፤ ሕጉ ነው። ዘወትር የሚያነቡለት አራሚያችን አባ ነጥብ ናቸው፤ ዛሬ ግን አርፍደዋል።» ሰዓቷን አየች። «ኢንስፔክተር፣ ስምንት ሰዓት ሳይሞላ ወረቀቱን ትሰጠኛለህ አይደል? መድኃኒቱን ሰኞ ሊጭኑት ነው። ከዚያ በኋላ ብናወጣው ማስረጃው ውሃ የበላው ይሆናል።»

መርማሪው ሰዓቱን አይቶ ወደ ገጽ መሥሪያው ክፍል አለፈ።

አባ ነጥብ የሚሏቸው የጋዜጣው አራሚ ናቸው። ሥርዓተ ነጥቡን እየጠሩ ሃያ ሁለት ዓመት ስላነበቡ ስሙ ተጣብቆባቸው ቀርቷል። የገጽ መሥሪያው ክፍል ውስጥ፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል።

«አውቶቡስ አስቀረኝ ልጄ። ስደርስ ቤቱ በለቅሶ ተሞልቷል።»

«ረቂቁን አላዩትም ማለት ነው?»

«መቼ አግኝቼ! ገና ባርኔጣዬን ሳላወልቅ ነው መርዶው የደረሰኝ።»

«ከባድ ጽሑፍ ነው ይላሉ።»

«ከባድ ነው እንጂ። ያቺ እናት እንኳ፣ ልጇን አዝላ ባዶ ፌስታል ይዛ የተመለሰችው፣ አንጀት ትበላለች።» ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አዞሩት። «ግን ምን ይደረግ? ጋዜጣ ከሌለ ለእሷስ ማን ይጮህላታል?»

መርማሪው አመስግኗቸው ወጣ። ወደ እርማት ክፍሏ ተመልሶ ረቂቁን ከእርማት ወረቀቱ ጋር ቃል በቃል አመሳከረ። ከረቂቁ ጋር በሽቦ የተያያዘችውን፣ በእጅ የተጻፈችውን ቁራጭ ደግሞ ሁለት ጊዜ አነበባት። ወደ ጣቢያው ስልክ ደውሎ ጥቂት ጠየቀ፤ የተነገረውን ሰምቶ ስልኩን ቀስ ብሎ ዘጋ።

ሰባት ሰዓት ሊሆን ሲል ሦስቱንም የገጽ መሥሪያው ክፍል ውስጥ ሰበሰባቸው። ብቸኛዋ ኮምፒውተር ላይ ገጽ ሦስት እንደተከፈተ ነው።

«ሁላችሁም እዚህ እንዳልነበራችሁ ነግራችሁኛል» አለ። «ግን ሳይነበብለት እስክሪብቶ አያነሳም። ስድስት ራይት አለ። ስለዚህ ስድስት አንቀጽ ሙሉ ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ያነበበለት ሰው ነበር።»

የእርማት ወረቀቱን ፊታቸው ዘረጋው።

«ያ ሰው በትክክል አላነበበም። ረቂቁ ‹የመጋዘኑ ኃላፊ› ይላል። የታተመውም እንደዚያው ነው። ሟቹ ግን ይህን ሰርዞ በገዛ እጁ ‹አንድ ሠራተኛ› ብሎ ጽፏል። ‹ሦስት መቶ ካርቶን› የሚለውን ‹ጥቂት ካርቶን› አድርጎታል። ትክክለኛውን ለምን ያበላሻል? በጆሮው የሰማው እንደዚያ ስለሆነ ነው። ሰባተኛው ላይ ነቃ። የጥያቄ ምልክቱ ያ ነው።»

«ማን ነው ያነበበለት?» አለች ዘጋቢዋ።

«አንቺ የራስሽን ጽሑፍ አታነቢም፤ አንብቢ ብትባዪም የራስሽን ሥራ አታኮላሺም። ምክትሉ በዚህ ድምፅ ለደንቆሮ ጆሮ አንድ መስመር እንኳ ማንበብ አይችልም።» ወደ ሽማግሌው ዞረ። «እርስዎ ረቂቁን አላየሁም ብለውኛል። ባዶ ፌስታል የያዘችው እናት ግን ያለችው ዛሬ ጠዋት ከረቂቁ ጋር በተያያዘችው ቁራጭ ላይ ብቻ ነው።»

አባ ነጥብ ለመካድ አልሞከሩም። ባርኔጣቸውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«የማተሚያ ቤቱ ሰውዬ ትናንት ደወለልኝ» አሉ። «‹የመጋዘኑ ኃላፊ ነገር ከተነሳ ከነገ ጀምሮ አላትምላችሁም› አለኝ። ለዋና አዘጋጁ ብነግረው እሺ እንደማይል አውቃለሁ። እግር ቢቆረጥ ነፍስ ይተርፋል ብዬ... ሁለት ቃል ብቻ ላለዝብ ብዬ ነው። ሰባተኛው ላይ ‹ረቂቁን ወዲህ በለው› ብሎ ጮኸብኝ። በዚያው አስሙ ያዘው። መንፊያዋ ጠረጴዛው ላይ ነበረች፤ አነሳኋት።»

«ለምን አልሰጡትም?» ምክትሉ ሹክ አለ።

«‹ኃላፊውን ተውልኝና እሰጥሃለሁ› አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ሃያ ሁለት ዓመት ስንጣላ ነው የኖርነው፤ ሁሌም በመጨረሻ አንዳችን እንስቃለን። ዛሬም የምንስቅ መስሎኝ ጠበቅኩ።» ባርኔጣቸውን መልሰው አነሱት። «ስሰጠው አልተቀበለኝም። እጁ አልተነሳም። ከዚያ ፈራሁ፤ መንፊያዋን ኮቱ ኪስ ከትቼ ወጣሁ።»

ዘጋቢዋ ቀርባ ፊታቸው ቆመች። የምትሰድባቸው መስሎ ነበር። «አባ ነጥብ» አለች ብቻ።

ከዚያ ወደ መርማሪው ዞረች። «ገና ሰባት ሰዓት ነው። ወረቀቱን ስጠኝ።»

«የግድያ ማስረጃ ነው።»

«ኮምፒውተሩ ላይ አለ፤ አንድ ጊዜ ላትመው።»

«እሱም ይታሸጋል። ቅድም ወደ ጣቢያው የደወልኩት ይህንኑ ለመጠየቅ ነው። ጽሑፉ በክስ መዝገብ ውስጥ ስላለ ፍርድ እስኪሰጥ በየትም እንዳይወጣ ታዟል።»

«ፍርዱ መቼ ነው?»

መርማሪው ጫማውን አየ። «አንድ ዓመት። ምናልባት ሁለት።»

«መድኃኒቱ የሚጫነው ሰኞ ነው!»

«አውቃለሁ፤ ነግረሽኛል። ለአለቆቼም ተናግሬያለሁ። ‹እሱ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ሌላ ክፍል ያየዋል› አሉኝ።»

«እና እሳቸው በሁለት ቃል ሊያለዝቡት ፈለጉ፤ አንተ ሙሉውን ወሰድከው» አለች።

መርማሪው ሰም አቅልጦ በሩን አሸገ፤ ሥራው ነውና ለምዶታል። ስምንት ሰዓት ሲሆን የማተሚያ ቤቱ ሰው ደውሎ ነበር ይባላል። ያነሳው የለም።

ሰኞ አለፈ። ቅዳሜ ጠዋት መርማሪው እግሩ በልማዱ ወደ ጋዜጣ ሻጯ ወሰደው። እሷም በልማዷ እጇን ወደተለመደው ቦታ ሰድዳ ባዶውን መለሰችው።

«የእርስዎ ዛሬም አልመጣም፤ እኔንጃ። ሌላ ልስጥዎት?»

«ተይው፣ እህቴ።»

ከዚያ ቀጥታ ወደ መዝገብ ቤት ሄደ። ፈርሞ ፋይሉን አስወጣና መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠ። ወረቀቱ አናት ላይ የማስረጃ ማኅተም ተመትቶበታል። ከመጀመሪያው አንቀጽ ጀምሮ፣ በቀይ የተጻፈውን እየዘለለ የታተመውን ጮክ ብሎ አነበበ። ነጠላ ሰረዙን ጠራ። አራት ነጥቡን ጠራ። ሰባተኛውን ጨርሶ በእጅ የተጻፈችውን ቁራጭ ሲጀምር የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ከመደርደሪያው ጀርባ ብቅ አለ።

«ጌታዬ፣ ለማን ነው የሚያነቡት?»

መርማሪው ፊት ለፊቱ ያለውን ባዶ ወንበር አየና ማንበቡን ቀጠለ።