ቅጠል አልባው ቁጥቋጦ

ጡረታ የወጡት መምህርት ሐምራዊ አበባ ከሚያወጣው ቁጥቋጧቸው ሥር ሞተው ተገኙ። ጭንቅላታቸው ከኋላ ተፈንክቷል። አንድ መርገጫው የተሰበረ መሰላል በጎናቸው ወድቋል፤ በቀኝ እጃቸው የቅርንጫፍ መቀስ ይዘዋል። ዙሪያቸውን ቅጠል የሌላቸው የተቆረጡ ቀጫጭን እንጨቶች ተበትነዋል።

መርማሪዋ ስትደርስ አትክልተኛው በካቴና ታስሮ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ነበር። መሰላሉን ትናንት የጠገነው እሱ ነው።

«ሚስማሩን በደንብ ነው የመታሁት፤ እግዜር ያውቃል» አላት።

«ከእግዜር ቃል መቀበል አልችልም። ሚስማሩን ልየው።»

ሚስማሩ አልላላም። መርገጫው በተሰበረበት መሃል ላይ ግን የመዶሻ ምት አለ። ከወዳደቁት እንጨቶች አንዱን አንስታ እንቡጡን በጥፍሯ ፈለቀቀችው።

ሳሎን ገብታ የሟችን ወንድም ጠየቀች።

«ጠዋት ምን አሉዎት?»

«‹ቅጠሉ ረግፏል፣ ደርቋል፤ ልከርክመው› ብላኝ ወጣች። ከዚያ ስትወድቅ ሰማሁ።»

ተከራይዋ ነርስ ኩሽና ውስጥ ታለቅሳለች።

«አምና አበባው እንዳለፈ አሮጌውን ግንድ ከሥሩ ሲቆርጡ የያዝኩላቸው እኔ ነኝ። ‹ቀጫጭኑን ከነካሽ ጣትሽን ነው የምከረክመው› ይሉኝ ነበር እትዬ።»

«ከወንድማቸውስ ጋር?»

«ቁጥቋጦውን ነቅሎ ሱቅ ሊሠራ! እሳቸው ደግሞ እምቢ። በየቀኑ ጭቅጭቅ ነው።»

መርማሪዋ ሦስቱንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«ይህ ተክል የዘንድሮ አበባውን የሚቋጥረው አምና ነው። ቅጠሉ ረግፎ ሳለ ጫፉን የቆረጠ አበባውን ጣለ። ሟች ሠላሳ ዓመት ተንከባክበውታል። አልቆረጡትም።»

«አትክልተኛው ይሆናላ!» አለ ወንድምየው።

«እሱ ተክሉን ያውቃል፤ አደጋ ለማስመሰል ቢፈልግ አሮጌውን ግንድ ይቆርጥ ነበር፤ የገዛ ጥገናውንም በመዶሻ ሰብሮ ራሱን አያሳስርም። ነርሷም ጣቷን ትወዳለች። ይህን የማያውቅ እዚህ ቤት አንድ ሰው ነው። እሱም ‹ደርቋል፣ ልከርክመው› የሚል ቃል በሟች አፍ አስገብቷል።»

ወንድምየው ዓይኑን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«ደርቋል እኮ! ለደረቀ እንጨት ብላ ወንድሟን…»

መርማሪዋ የተፈለቀቀውን እንቡጥ ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት። ውስጡ አረንጓዴ ነበር።

ካቴናው እጅ ቀየረ። አትክልተኛው አንጓውን እያሸ ወጣና እንጨቶቹን ይለቅም ጀመር።

«ይተርፋል?» አለችው ነርሷ።

«መትረፉን ይተርፋል። ዘንድሮ ግን አያብብም።»