ዶክተሬ

ኢንሱሊኑ በመርፌው ላይ ካለው የልክ መስመር አለፈ። ልጅቱ መርፌውን ገፋ አድርጋ መለሰችው፤ አሁን ደግሞ ጎደለ። አባቷ ሸሚዙን ከሆዱ ገልጦ፣ ማየት የተሳናቸው ዓይኖቹን ወደ መስኮቱ አዙሮ ይጠብቃል።

የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ስኳር በሽታው ዓይኑን ከወሰደበት ወዲህ ጠዋት ጠዋት የምትወጋው እሷ ናት። እናቷ በማለዳ ዳቦ ቤት ሥራ ትገባለች፤ ታላቅ ወንድሟ መርፌ ሲያይ የሚገባበት ይጠፋዋል። እሷ ግን ይህን ሥራ ለማንም አታስነካም።

«ምነው ቆየሽ ዶክተሬ? መድኃኒቱን እየቀመምሽው ነው እንዴ?»

«መጣሁ አባዬ።»

ጣቶቿ ይንቀጠቀጣሉ። ልቧ ደረቷን ይደልቃል። የሚገርመው፣ አልፈራችም፤ እጇን እንደ ሌላ ሰው እጅ ዝም ብላ ታየዋለች። ፈተና ከተጀመረ ወዲህ እንዲህ ሆናለች። አይርባትም፣ አትናደድም፣ ቀልድም አያስቃትም። «ፉት በያት፣ ጭንቅላትሽ ቦግ ይላል» ብላ የመጀመሪያዋን የኢነርጂ መጠጥ የሰጠቻት አብራት የምትቀመጠው ጓደኛዋ ናት፤ ጓደኛዋን ክፍል ውስጥ ቱርቦ ይሏታል። እውነትም መጀመሪያ ቦግ ብሎ ነበር። ከዚያ አንድ ጣሳ አላነቃ አለ፣ ሁለት ሆነ። ዛሬም በባዶ ሆዷ ሁለቱንም ጨርሳለች። ሰሞኑን ሰው ፊት እጇን ከኪሷ አታወጣም።

መጠኑ ካለፈ ስኳሩ ድንገት ይወርድና ራሱን ይስታል። ይህን ሐኪሙ የነገረው ለእሷ ነው። አሁን ለፈተና እንደተሸመደደ መልስ ትዝ አላት፤ ከዚያ በላይ ምንም አልተሰማትም።

«ውጊኝ እንጂ ልጄ፣ ፈተናው ሊረፍድብሽ ነው። አንቺ ስትወጊኝ እኮ አይሰማኝም» አለ አባቷ።

እሷም አይሰማትም። ችግሩም ይኸው ነበር።

መርፌውን ከደነችና አስቀመጠችው። «አባዬ፣ ዛሬ እኔ አልወጋህም።»

«ምነው?»

መድኃኒቱ አልቋል ልትል አፏ ላይ መጥቶ ነበር። ዋጠችውና እጇን መዳፉ ላይ አኖረች። አባቷ ጨበጥ አደረገው። ቀልዱ ከፊቱ ላይ ጠፋ።

«ምን ጠጥተሽ ነው እንዲህ የምትንቀጠቀጪው?»

«ኢነርጂ። ለጥናት ብዬ።»

«መኪና ብትሆኚ፣ ቆመሽ ነዳጅ እየጨረስሽ ነው እልሽ ነበር» አላት ቀስ ብሎ።

«ጎረቤታችንን፣ ነርሷን ልጥራት።»

«አዳር ሠርታ ገብታ ተኝታ ይሆናል። ፈተናሽስ?»

«ከደረስኩ ደረስኩ።»

ኮሪደሩን ተሻግራ የነርሷን በር አንኳኳች። ከውስጥ የነጠላ ጫማ ድምፅ መጣ። ነርሷ ለእናቷ ትነግራለች፣ እናቷም መርፌውን ለሌላ ሰው ትሰጥ ይሆናል። ይህን ስታስብ ከስንት ቀን በኋላ አለቀሰች።

ቁልፉ ሲዞር እጆቿ እንደ ልማዳቸው ወደ ኪሷ ገቡ። መልሳ አወጣቻቸውና፣ እየተንቀጠቀጡ፣ በሩ ፊት ዘርግታቸው ቆመች።