ለኪሩ የተላከ ነጭ ሽንኩርት

ከድብ ባሕር የመጣው ሚኒባስ ጎንደር መናኸሪያ ሲገባ ቆቅ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ቆሞ ነበር። ግራውን አየ። ቀኙን አየ። የሚከተለው የለም።

ሹፌሩ ይበልጣል ከወንበር ሥር አንዲት ትንሽ ማዳበሪያ ጎትቶ አወጣ። በላይዋ በእስክሪብቶ «ለኪሩ» ተብሎ ተጽፎባታል። ነጭ ሽንኩርት ነው፤ ሽታው ቀድሞ ደረሰ።

«ኪሩ አንተ ነህ?»

«ነኝ። ማን ነው የላከልኝ?»

«ምነው፣ አታውቃትም? መምህርት ሐረገወይን ናት እንጂ። ሸጋ ሰው ናት።»

በቃ። ስምንት ወር የተለፋበት ስም ከአንድ ሹፌር አፍ ወጣ።

«ቆቅ» የሚስጥር ስሙ ነው። አለቃው የሻው «መቅረዝ» የተባለ የቪዲዮ መድረክ ከሚሠሩ ልጆች መሃል በፕሮግራመርነት አስርጎ አስገብቶታል። መቅረዝ ላይ የወጣ ቪዲዮ አይሰረዝም፤ አንድ ቦታ ቢዘጉት ሺህ ሌላ ኮምፒውተር ላይ አለ። ማን እንዳወጣው መሥራቹ ታከለ እንኳ አያውቅም። ተመልካች ደስ ካለው በክሪፕቶ፣ ባንክ በማያየው የኢንተርኔት ገንዘብ፣ ጉርሻ ይልካል። ከድብ ባሕር የወጣው ቪዲዮ ለተማሪዎች ምሳ የመጣ እህል በጠራራ ፀሐይ ወደ አንድ ነጋዴ መጋዘን ሲገለበጥ ያሳያል። የቆቅ ግዳጅ ቪዲዮውን ያነሳውን ሰው ማግኘት ነበር።

ኮዱን መስበር አቃተው። ስለዚህ ታከለን ጠጋ ብሎ ለመነው። «ከጉርሻው ጋር አጭር መልእክት ይፈቀድ። ሰው ሳያመሰግን እንዴት ይቀበላል?» ታከለ አመነታ፤ ኋላ ግን ስለሚያምነው እሺ አለ። ቆቅ «ኪሩ» በሚል ስም ጉርሻ ላከ። አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላልና ደገመ።

መልሱ መጣ። «የሰው እጅ በልቼ ዝም አልልም። ከጓሮዬ ትንሽ ነገር ልኬልሃለሁ። የይበልጣልን ሚኒባስ ጠብቅ።»

ሺህ ኮምፒውተር የጠበቀውን በር ይሉኝታ ከፈተው። ቆቅ እንደሚከፍተው ያውቅ ነበር። የእሱም እናት የጎረቤት ሰሃን ባዶውን መልሳ አታውቅም። አፈረ። ቢሆንም ማዳበሪያዋን አንስቶ ሄደ።

ሁለት ባጃጅ ቀያየረ። ፒያሳ ካፌው ውስጥ የሻው ጀርባውን ሰጥቶት ተቀምጧል።

«ዕቃው?»

«ደርሷል።»

«ስም?»

«ምስክር ትሆናለች፣ ጥበቃም ይደረግላታል ብለኸኛል።»

«ብያለሁ። ስም።»

ማኪያቶው ቀዝቅዟል።

«ሐረገወይን። የድብ ባሕር መምህርት ናት።»

«ተማሪ ሲለቀቅ በር ላይ እናገኛታለን። አንተ ሥራህን ጨርሰሃል።»

የሻው ወጣ። ቆቅ በመስኮቱ በዓይኑ ተከተለው። ነጭ ፒክአፕ ቆሟል። መሪውን የያዘው ሰውዬ የግራ ጆሮው ግማሽ ብቻ ነው። ያንን ጆሮ ቪዲዮው ላይ መቶ ጊዜ አይቶታል። እህሉን የሚያስጭነው እሱ ነው።

የሻው በሩን ከፍቶ አጠገቡ ተቀመጠ።

ቆቅ ወደ መቅረዝ ቢሮ ሮጠና የታከለን ሞተር ሳይክል ቁልፍ ለመነ። ታከለ ለምን ብሎ እንኳ አልጠየቀውም። ዳባት ላይ ነጩ ፒክአፕ ምግብ ቤት በር ላይ ቆሟል። አንገቱን ደፍቶ አለፈ።

ድብ ባሕር ትምህርት ቤት ሲደርስ ሐረገወይን ጠመኔ በጠመኔ በሆነ እጇ ደብተር ታቅፋ ከክፍል ወጣች። ጠና ያለች ሴት ናት።

«ቪዲዮውን ያነሱት እርስዎ መሆንዎን አውቀዋል። መንገድ ላይ ናቸው። ይህን የጭነት መኪና ለምኜ አቁሜዋለሁ፤ ዛሪማ ያደርስዎታል። ከዚያ ወዲያ የት እንደሚሄዱ ለእኔም አይንገሩኝ።»

«አንተ ማን ነህ?»

«መቅረዝ ላይ የምሠራ ነኝ።»

ያጨደችውን ገብስ አልወቃችም። ቤቷ አልተቆለፈም። ወደ ቤቷ አቅጣጫ አንዴ ዞር ብላ አየች፤ ከዚያ ደብተሮቹን ለጥበቃው ሰጥታ መኪናው ላይ ወጣች። መስኮቱን ዝቅ አደረገች።

«ያ ነጭ ሽንኩርት ነው ያጋለጠኝ፣ አይደል?»

ቆቅ የመኪናውን በር ገፋ አድርጎ ዘጋው።

«ኪሩንም ይዘውት ይሆናል። ምስኪን፣ የሰው አገር ሰው ሳይሆን አይቀርም፤ ደግ ነው። በእኔ ጦስ ነው። ካገኘኸው ይቅር በለኝ ብላሃለች በለው።»

እኔ ነኝ ሊላት አፉን ከፈተ።

መኪናው ተነሳ።

በመልሱ መንገድ ከነጩ ፒክአፕ ጋር ፊት ለፊት ተላለፈ። ጎንደር ሲደርስ የሻው ጽፎለታል። «ቤቷ ባዶ ነው። ቆቅ፣ የት ነህ?» ቆቅ የታዘዘውን ፈጽሟል፤ ያነሳውን ሰው ፈልግ ተባለ፣ አገኘ። ቁልፉን ለታከለ መለሰ። እውነቱን ሊነግረው ፈልጎ ነበር፤ የተናገረው ግን «የመልእክቱን ነገር ዝጋው፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» ብቻ ነበር።

ሲም ካርዱን ሊያወጣ ሲል ስልኩ ጮኸ። በመቅረዝ የመጣ መልእክት ነው።

«ኪሩ፣ በእኔ ጦስ ምን አገኘህ? ስልኬን ከመጣሌ በፊት ደኅና ነኝ ብቻ በለኝ።»

ደኅና ነኝ። ሁለት ቃል ናት። ግን ከመለሰላት ደግማ ትጽፋለች፤ ስልኳን አትጥልም፤ የሻውም በዚያው ዱካዋን ያገኛል። ዝም ካለ ትጥለዋለች። ኪሩን አስገደልኩት ብላም ዕድሜ ልኳን ታለቅሳለች።

ሲሙን ሰበረ።

ፒያሳ መሃል ማዳበሪያዋን በትከሻው ይዞ ሲሄድ አንዲት ሴት አስቆመችው።

«ወንድሜ፣ ነጭ ሽንኩርቱ የሚሸጥ ነው?»

«አይደለም፣ እህቴ። የሰው አደራ ነው» አለና ሰዉ መሃል ገባ።